ሁለት ሥራ የያዘው ታይመር

ሥራ አስኪያጁ ወደ በረዶው ክፍል ካፖርት ሳይለብሱ የገቡት ለፎቶ ብለው ነው። የመጋዘኑ ካፖርቶች ወፍራም፣ ያረጁና ዓሣ ዓሣ የሚሸቱ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አዲስ ሱፍ ለብሰዋል።

"ለአንዲት ደቂቃ ምን ካፖርት ያስፈልጋል?" አሉ ወደ እንግዶቹ ዞረው። "በሩ ይዘጋል፣ በደቂቃው ይከፈታል። አንድ ደቂቃ! ይሰመርበት!"

ሠራተኛው ከጀርባቸው "ይሰመርበት" ነው የሚላቸው። ስብሰባ ላይ የተናገሩት ነገር በሙሉ እንዲሰመርበት ስለሚፈልጉ፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ ከቃሉ መስመሩ በልጦባት እስክሪብቶ ቶሎ ቶሎ ያልቅባታል ይባላል።

ከኋላቸው የመጋዘኑ ኃላፊ ገባ። እሱም ካፖርቱን አውልቆ፣ ለዕለቱ የታደለውን "ቅዝቃዜያችን ኩራታችን" የሚል ስስ ቲሸርት ለብሷል። ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ በዓይኑ እህቱን ፈለገና ጠቀስ አደረጋት። አይዞሽ ሽቦ፣ ማለቱ ነው።

ሽቦ የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው። ገና ልጅ ሳለች የቤቱን ሬዲዮ ፈታትታ ሽቦውን እንደ አንገት ጌጥ ጠምጥማ ያገኛት ቀን ወጣላት፣ በዚያው ቀረ። ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ሆና፣ ዲግሪዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ስሙ አሁንም አልለቀቃትም። አካሏም ስሙን አላሳፈረውም፤ ቀጭን ናት። የበሩን መቆጣጠሪያ የሠራችው እሷ ስትሆን፣ ሥራውን ያገኘችው ወንድሟ "እህቴ ትሠራዋለች፤ ካልሠራችው እኔን ጠይቁኝ" ብሎ ደረቱን ስለሰጠላት ነው።

በሩ ድም ብሎ ተዘጋ። ወዲያው ከበሩ አናት የተገጠመችው ትንሽ ድምፅ ማውጫ ዜማዋን አንቆረቆረች፤ ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው በፉጨት የደረሱት የመሥሪያ ቤቱ መዝሙር ነበር። እንግዶቹ አጨበጨቡ። የምክትል ሥራ አስኪያጁ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ከስሜት ይሁን በበሩ ሥር ከሚሾልከው ብርድ ግን አልታወቀም።

ከዚያ ጸጥ አለ። ደቂቃዋ ሞላች። በሩ አልተከፈተም።

ሌላ ደቂቃ ሄደ። አንዱ እንግዳ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ ሌላው ሳያስለው ሳለ። ምክትሉ ለካሜራ ያዘጋጁትን ፈገግታ ሳያወርዱ ወደ ሽቦ ተጠጉና በከንፈራቸው ጥግ፣

"አንቺ ልጅ፣ በመርህ ደረጃ መከፈት አልነበረበትም?" አሏት።

"ነበረበት።"

"በተግባርስ?"

ሽቦ ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመቆጣጠሪያ ሳጥን ክዳን ከፈተች። እዚያ ውስጥ በየሰከንዱ ብልጭ የምትል አረንጓዴ መብራት አለች፤ በሩን የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ቺፑ፣ በሕይወት መኖሩን የምትናገር። አሁን ድርግም ብላለች። ሽቦ የገዛ ልቧ የቆመ መሰላት።

ድሮ ቢሆን ኖሮ ከዚህ ክፍል መውጣት የልጅ ሥራ ነበር። ከውስጥ በኩል የብረት እጀታ ነበረ፤ ገፋ ማድረግ ብቻ። ነገር ግን አንድ ሰሞን ሥጋ ጎደለና ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ጠርተው፣ "ሥጋ እግር የለውም!" አሉ። ተሰመረበት። እጀታው ተቆርጦ ወጣ። መቆለፊያውም መብራት ሲጠፋ እንደተቆለፈ የሚቀር ዓይነት እንዲሆን ታዘዘ፤ ሌባ ጨለማ ይወዳልና። በሩ በተዘጋ ቁጥር ለአንድ ደቂቃ እንዳይከፈት የተወሰነውም ያኔ ነው፤ ከፈት ዘጋ እያደረገ ቅዝቃዜውን የሚያባክን ሠራተኛ አደብ እንዲገዛ።

"ጌታዬ፣ ሰው ውስጥ ቢቀርስ?" ብላ ነበር ሽቦ።

"ሰው ለምን ይቀራል? ጠረጴዛ ነው እንዴ?"

ከብዙ ልመና በኋላ ከውስጥ በኩል አንዲት ቀይ የአደጋ በተን ተፈቀደችላት። እሷም ብትሆን ሲጫኗት ወዲያው እንዳትከፍት ተወሰነ፤ "ሌባም ጣት አለው" ብለዋል ሥራ አስኪያጁ። በተኗ ስትነካ ደቂቃዋ ከመጀመሪያው ትቆጠራለች፣ ስትሞላ በሩ ይከፈታል። "የተጫነው ሰው አንድ ደቂቃ ቆሞ ኅሊናውን ይመርምር።" ሽቦ ነገሩ ጅልነት መሆኑን ታውቃለች። ወንድሟ የቆመላት ሥራ ነውና አንገቷን ደፍታ "እሺ" አለች። አንድ ጊዜ እሺ ያለ አፍ ደግሞ እምቢ ማለት ይረሳል።

ሳጥኑ ውስጥ ቀይ መብራት ብልጭ አለች። በተኑ ከውስጥ ተነካ ማለት ነው። ደግማ ብልጭ፤ አሁንም ብልጭ። አንድ ሰው እዚያ ውስጥ ቀዩን በተን እንደ አሮጌ ታክሲ ጡሩምባ እየነረተው ነው።

"ዞር በይ!" የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። የመሥሪያ ቤቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ትከሻው በር የሚያህል፣ ቶሎ ስለሚግል ፊውዝ የሚባል። "ዋናውን አጠፋዋለሁ። ያበደ ማሽን ሁሉ መድኃኒቱ አጥፍቶ ማብራት ነው።"

"እንዳትነካው!"

"ምን ሆንሽ? የሞተ ነገር አይደል እንዴ?"

"ብታጠፋው መቆለፊያው እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ብታበራውም ከዜማው ጀምሮ ሁሉን እንደ አዲስ ይጀምራል። እባክህ ፊውዝ፣ ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ..."

ዓይኗን ከሳጥኑ አልነቀለችም። አረንጓዴዋ መብራት አንዴ ቦግ ብላ ጠፋች። ሽቦ ሰዓት ልትይዝ ስልኳን አወጣች። ጠበቀች። ከኋላዋ ሰው ይንጫጫል፤ ምክትሉ እንግዶቹን "ይህ የትርኢቱ አካል ነው" እያሉ ያጽናናሉ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ መብራቷ እንደገና ቦግ አለች።

"አልሞተም" አለች ሽቦ በሹክሹክታ። "ይቆጥራል። ግን እያዘገመ ነው።"

ይህን ስትል የጥፋቱ መልክ ከፊቷ ድቅን አለ፤ የማን እጅ እንዳለበትም ጭምር።

ቺፕን ጊዜ ማስቆጠር በሁለት መንገድ ይቻላል። አንደኛው ቺፑን ራሱን "ይህን ያህል እስክትቆጥር ንቅንቅ እንዳትል" ማለት ነው፤ እንዲህ የታዘዘ ቺፕ ቁጥሩን ሳይጨርስ ቤት ቢቃጠል አይሰማም። ሁለተኛው፣ ሽቦ የምትኮራበት፣ ቺፑ ሆድ ውስጥ ያለውን ታይመር ማሠራት ነው። ታይመር ከመቁጠር በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ እንደ ልብ የሚመታውን የቺፑን ትርታ ይቆጥርና ሲሞላለት የቺፑን እጅጌ ጎተት ያደርጋል። ቺፑ እስከዚያ ሌላ ሥራውን ይሠራል። ትርታው እጅግ ፈጣን ስለሆነ ግን ታይመሩ ሁሉንም አይቆጥርም፤ "ከስምንት አንዱን ቁጠር" ወይም "ከሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት አንዱን ቁጠር" ተብሎ ይታዘዛል። ሽቦ ከስምንት አንዱን ብላዋለች። በሩም ለሳምንታት ሳይዛነፍ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

ከዚያ ትናንት ሥራ አስኪያጁ ዜማ አማራቸው።

ዜማም በታይመር ነው የሚጫወተው። ሽቦ ተማሪ ሳለች ለቤት መጥሪያ የሠራችው ፕሮግራም ነበራት፤ እሱን ሳታነበው አንስታ ለጠፈችው። ያ የመጥሪያ ፕሮግራም ይህንኑ ታይመር ይወስድና ከሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት አንዱን እንዲቆጥር ያዘዋል። ዜማው ያልቃል። ታይመሩን "አሁን ወደ ቀድሞ ሥራህ ተመለስ" የሚለው ግን የለም። ዜማውን ብቻ ሰምታ "ቆንጆ ነው" ብላ ተኛች፤ በሩን ዘግታ መሞከር ለነገ አለችው፣ ነገ ደግሞ እንግዳ ይዞ መጣ።

የሚያሳፍረው ደግሞ ቺፑ ውስጥ ሦስት ታይመሮች መኖራቸው ነው። ሁለቱ ከተገዙ ጀምሮ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፣ ሥራው ሁሉ በአንዱ ጫንቃ ላይ ተከምሯል፤ ልክ እንደ መሥሪያ ቤቱ።

ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስትን ለስምንት አካፈለችው። ሠላሳ ሁለት። አንዷ ደቂቃ ሠላሳ ሁለት ሆናለች። ያቺ ቀይ በተን በተነካች ቁጥር ደግሞ ሠላሳ ሁለቱ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ክፍሉ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ነው። ወንድሟ በቲሸርት ነው።

"በተኑን መንካት ማቆም አለባቸው" አለች።

በሩ ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት መስታወት አለች። ሽቦ ግንባሯን ለጠፈችባት። ወንድሟ ብብቱ ውስጥ እጆቹን ወሽቆ ከእግር እግር እየዘለለ ነበር። ከጎኑ ሥራ አስኪያጁ በአውራ ጣታቸው በተኑን ይወቁታል፤ ምንም ድምፅ ግን አይወጣም፤ በሩ የክንድ ያህል ውፍረት አለው። መስታወቱን ደበደበችው። ወንድሟ ቀና አለ።

በቀኝ ጣቷ የግራ መዳፏን ተጫነች። ከዚያ ያንን ጣት በግራ እጇ ጨብጣ ያዘችው፣ ጭንቅላቷንም በኃይል ወዘወዘች። ወንድሟ በተኑን አየ። ሥራ አስኪያጁን አየ። ወደ እሷ ተመለሰ፤ ዓይኑ 'እሳቸውን? እኔ?' ይላል። ሽቦ ጣቷን እንደጨበጠች ራሷን ወደ ታች ነቀነቀች። ያዛቸው፣ ማለቷ ነው።

ወንድሟ እጆቹን ከብብቱ አወጣ። ቀጥሎ የአለቃውን እጅ አንጓቸው ላይ ጨመደደው።

የሥራ አስኪያጁ አፍ ተበረገደ። ድምፁ ባይሰማም፣ ከመስታወቱ ፊት የነበረ ሠራተኛ ሁሉ ቃሉን ከከንፈራቸው አነበበ፤ ብዙዎቹ ከዚህ በፊት ተብለውታልና።

"አባረሩት" አለ ፊውዝ።

"ያባርሩት። በሕይወት ይባረር።"

ሳጥኑ ውስጥ ቀዩ መብራት ጸጥ አለ። ቆጠራው ተጀመረ።

"ፊውዝ፣ ዋናውን ሳይሆን የማቀዝቀዣውን ሞተርና የማራገቢያውን መስመር ብቻ መለየት ትችላለህ? የእኔ ሳጥን መብራት እንዳያጣ።"

"እችላለሁ እንጂ! ግን ክፍሉ እስኪሞቅ ሙሉ ቀን ይፈጃል።"

"አይሞቅም። ነፋሱ ቢቆምላቸው እንኳ አንድ ነገር ነው።"

ፊውዝ ሮጠ። የማራገቢያው ጉምጉምታ ቀስ በቀስ ሲሞት፣ አዳራሹ ውስጥ እስካሁን ያልተሰማ ዝምታ ወረደ። እንግዶቹ የትርኢቱ አካል አለመሆኑ የገባቸው ያኔ ነው። ምክትሉ ፈገግታቸውን አወረዱ።

"በያጅ ይጠራ!" አሉ። "በሩ በእሳት ይቆረጥ!"

"አይሆንም ጌታዬ። በሩም ግድግዳውም ውስጡ ፎም ነው። እሳት ከነካው ጭሱ ከብርዱ ቀድሞ ይጨርሳቸዋል።"

"ታዲያ ምን እናድርግ? በመርህ ደረጃ አንድ ነገር ማድረግ አለብን!"

"ላፕቶፔን እፈልጋለሁ። ፕሮግራሙን ቀይሬ ወዲያው እከፍተዋለሁ።"

"በይ አምጪያ!"

"ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው ያለው። ሽቦና ኮምፒውተር ፎቶ ያበላሻል ብለው ጠዋት ራሳቸው ቆለፉበት።"

"ቁልፉስ?"

ሽቦ በጣቷ ወደ በረዶው ክፍል አመለከተች። ምክትሉ በሩን አዩ፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ሱሪ፣ ከሱሪው ውስጥ ያለውን ኪስ በዓይነ ኅሊናቸው አዩ።

"ስለዚህ የቢሮውን በር እንስበረው" አለች ሽቦ።

ምክትሉ እናታቸው የተሰደበች ያህል ወደ ኋላ አፈገፈጉ። "የሥራ አስኪያጅ ቢሮ? የተቀረጸውን በር?"

"ሰዎቹ እየሞቱ ነው እኮ!"

"አንቺ ልጅ፣ የንብረት አወጋገድ መመሪያ አለ። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴው ያጸድቃል፣ ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ይፈርማሉ።"

"ሥራ አስኪያጁ ውስጥ ናቸው!"

"እሱ ነው እንግዲህ ችግሩ" አሉ ምክትሉ በእውነተኛ ሐዘን። "የሚፈርም የለም። ተረጂኝ፤ ነገ በሰላም ወጥተው 'በሬን ማን ሰበረው' ቢሉ መልሱ እኔ ነኝ። የበረዶውን ክፍል በር ከሆነ ግን ግድ የለም፣ ቁረጡት፣ እሱ የአደጋ ጊዜ ነው።"

ሽቦ ሰውየውን አየቻቸው። ክፉ አልነበሩም። ላብ በላብ ሆነዋል። ለአለቃቸው ነፍሳቸውን ይሰጣሉ፣ ፊርማቸውን ግን አይሰጡም። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ክርክር ውሃ መውቀጥ ነው። ዞር ብላ በኮሪደሩ ሮጠች።

የቢሮው በር እውነትም የተቀረጸ ነበር፤ ወይን ዘለላ፣ አንበሳ፣ ምን የሌለበት አለ! ሽቦ ተንደርድራ በትከሻዋ መታችው። በሩ ሳያውቃት መልሶ ወረወራት። ተነሥታ ደገመችው። ትከሻዋ ተቃጠለ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሦስተኛውን ልትሞክር ስትል አንድ ከባድ እጅ ኮሌታዋን ይዞ እንደ ድመት ልጅ ወደ ጎን አኖራት።

"ሽቦ በር አይሰብርም" አለ ፊውዝ እያለከለከ። "ቋሚ ቅጥር ከሆንኩ ገና ወር አልሞላኝም፣ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ሚስቴ ትገድለኛለች።"

"አውቃለሁ ፊውዝ።"

"እንግዲህ ትግደለኛ" አለና አንበሳውን በርግጫ መታው። መቃኑ ተሰነጠቀ። በሁለተኛው በሩ እንደ ሰከረ ሰው ወደ ውስጥ ወደቀ።

ላፕቶፑን አቅፋ ስትመለስ ሰዉ መንገድ ከፈተላት። አረንጓዴዋ መብራት በዝግታዋ ቦግ አለች። በስልኳ ሰዓት ቆጠራው ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ከእንግዲህ ሩብ ሰዓት ያህል ማንም ምንም ባይነካ በሩ በራሱ ጊዜ ይከፈታል። ሽቦ ገመዱን ልትሰካ ዘርግታ እጇ አየር ላይ ቀረ።

ገመዱ አንገቱ ጋ የተጎዳ ነው። አንዳንዴ ያስተላልፋል፣ አንዳንዴ ይኮርፋል። አዲስ ፕሮግራም መጫን ስትጀምር ደግሞ አሮጌው ይጠፋል፤ እስካሁን የተቆጠረው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። መሃል ላይ ገመዱ ቢከዳት ቺፑ ባዶ ቅል ሆኖ ይቀራል፤ አይቆጥር፣ አይከፍት። የሚዘገየው እርግጠኛ ነው። የሚፈጥነው ቁማር ነው።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለ ፊውዝ።

"ይከፈታል እኮ። ዝም ብንለው ይከፈታል።"

"እነሱስ ይቆያሉ?"

ወደ መስታወቷ ሄደች። ከውስጥ በኩል በትንፋሻቸው በረዶ ተጋግሮባታል፤ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ክፍተት ብቻ ቀርታለች። በእሷ ሾልካ አየች። ወንድሟ የዓሣ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። አይዘልም። ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ወርዷል፤ ትከሻው ጸጥ ብሏል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ሲያስተምር ደጋግሞ የሚላት ነገር ነበረች፦ "የሚንቀጠቀጠው ደህና ነው። መንቀጥቀጥ ያቆመውን እዩልኝ።"

ሽቦ ከመስታወቷ ተላቀቀች።

"ገመዱን አንገቱ ላይ ያዝልኝ" አለችው ፊውዝን። "እንደ አራስ ልጅ አንገት። እንዳታጠብቀው፣ እንዳትለቀው።"

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዜማውን ሰረዘችው። ታይመሩን ሰረዘችው። በተኑን፣ ደቂቃዋን፣ ኅሊና ምርመራውን፣ የተሰመረበትን ሁሉ ሰረዘችው። በቦታው በሕይወቷ ከጻፈችው ሁሉ አጭሩን ፕሮግራም ጻፈች፦ ክፈት። ሌላ ምንም። የመላኪያውን ምልክት ተጫነች።

አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። ያ ሁሉ ቆጠራ በአንድ ቅጽበት አፈር በላው። የላፕቶፑ ስክሪን ላይ ሰማያዊው መስመር መሄድ ጀመረ፤ ሩቡን፣ ግማሹን ሄደ፣ ቆመ። ከሥሩ ቀይ ጽሑፍ መጣ። ግንኙነቱ ተቋርጧል።

"ምን አለ?" አለ ፊውዝ።

ሽቦ ጽሑፉን ደግማ አነበበችው። አሁን ቺፑ እውነትም ሞቷል። ከበሩ ወዲያ ለወንድሟ የሚቆጥርለት አንድም ነገር የለም።

"አንቺ! ምን አለ?"

"አልሄደም። እጅህ... እጅህን ትንሽ ወደ ላይ። ተው፣ ወደ ታች።"

"እየተንቀጠቀጥኩ ነው።"

"እኔም። አብረን እንንቀጥቀጥ። ትንፋሽህን ያዝ።"

ደግማ ተጫነች። መስመሩ ተነሣ። ፊውዝ ጉንጩን ነፍቶ ፊቱ ደም ለበሰ። ምክትሉ ከኋላቸው ሆነው ምንም መርህ የሌለበት ጸሎት ያጉረመርማሉ። መስመሩ ያቺ የቆመባት ቦታ ደረሰ። ሽቦ ዓይኗን ልትጨፍን ፈለገች፣ አልጨፈነችም። መስመሩ አለፈ። ሄደ፣ ሄደ፣ ሞላ።

ከበሩ ውስጥ አንዲት ደረቅ ድምፅ ተሰማች፤ ቀጭ።

ፊውዝ ገመዱን ወርውሮ እጀታውን ሳበው። ነጭ ጉም እግራቸው ላይ ተንከባለለ። ሽቦ ከሁሉ ቀድማ ገባች።

ሁለቱ በአንድ የዓሣ ሳጥን ላይ ጎን ለጎን ተጣብቀው ተቀምጠዋል። የሥራ አስኪያጁ አዲስ ኮት እንደ ድንኳን በሁለቱም ራስ ላይ ተዘርግቷል። ግማሹ ለአባረሩት ሰው ደርሶታል። ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ጢማቸው ላይ በረዶ ተሰቅሏል። የወንድሟ ሁለት እጆች አሁንም የአለቃውን አንጓ እንደ ካቴና ከበውታል።

ካፖርት መጣ፤ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፤ ዓሣ ዓሣ የሚሸተው ሁሉ መጣ። ምክትሉ በሰው መሃል ተሽሎክልከው ብቅ አሉ።

"ጌታዬ እንኳን ለዚህ አበቃዎ! እ... የቢሮዎ በር ጉዳይ በእኔ ፈቃድ አለመሆኑን በመርህ ደረጃ..."

ሥራ አስኪያጁ ቀና አሉ። "ይ... ይሰ..." ጥርሳቸው ተንገጫግጮ አላስጨርስ አላቸው።

ሽቦ ከፊታቸው ተንበረከከች። "ጌታዬ፣ ቢሮውን ያስሰበርኩት እኔ ነኝ። በሩ እንዳይከፈት ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ዜማውን ሳልሞክር ከቆጣሪው ጋር አጋጨሁት። ወንድሜ የያዘዎትም እኔ ያዘው ብዬው ነው። የሚባረር ካለ እኔ ልባረር።"

"ዜማው?" አሉ ሥራ አስኪያጁ በጭንቅ። "የኔ... ዜማ?"

"አዎ።"

አዩዋት። ከዚያ የተያዘ እጃቸውን፣ የያዛቸውን ሰውዬ አዩ። በነጻው እጃቸው ከትከሻቸው አንዱን ካፖርት አንሸራተው ወንድሟ ጉልበት ላይ ጣሉት።

ሽቦ ወደ ወንድሟ ዞረች። ፊቱን በሁለት መዳፏ ያዘችው፤ የድንጋይ ያህል ይበርዳል። "ወንድም ጋሼ። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ።"

ዓይኑን በግድ ገለጠ። ፈልጎ ፈልጎ አገኛት።

"ሽቦ" አለ፤ ምላሱ ተሳስሯል። "ተከፈተ?"

"ተከፈተ።"

"እርግጠኛ ነሽ? መያዜን እንዳቆም ምልክት አልሰጠሽኝም።"

ሽቦ ልትስቅ ብላ አለቀሰች። በደነዘዙት ጣቶቹ ላይ ትንፋሿን እፍ አለችበት።

"ልልቀቃቸው?" አለ።

"ልቀቃቸው" አለችው። ጣቶቹ ግን አልታዘዙለትም፤ ስለዚህ ከትንሿ ጀምራ አንድ በአንድ ታላቅቅለት ጀመረች፣ ሥራ አስኪያጁም እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ ጠበቁ።